ቀስትና ጎራዴ በአንድ ጠረጴዛ

ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ? አሁንም አጎንብሰሽ ስትነሺ «ውይ» ትያለሽ ወይስ ለቀቀሽ? ጋሼ ማንኮራፋቱን ቀነሰልሽ ወይስ አንቺው ለመድሽው? እናታችንስ መነጽሯን ታደርጋለች ወይስ ለእንግዳ ብቻ ነው የምታወጣው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «በእረፍት ቀንህ ምን ትሠራለህ?» ብለሽኝ «ጦርነት ላይ ነኝ» ስልሽ መስመሩ ተቋርጦ ቤቱን ሁሉ እንዳሸበርኩ ሰማሁ። ጨዋታ ነው እኮ! የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኞች እሑድ እሑድ አንሶላ የምናጥፍበትን ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን። እያንዳንዱ አንድ ጀግና በሐሳቡ ይፈጥርና እሱን ሆኖ ይጫወታል። አጫዋቹ እኔ ነኝ፤ ዋሻውንም፣ ሽፍታውንም፣ ዘንዶውንም የማመጣው እኔ ነኝ። መታ ወይስ ሳተ የሚለውን ዳይስ፣ ማለት በየጎኑ ቁጥር ያለበት ጠጠር፣ ወርውረን እንለያለን።

ጠቡን ያመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ልብስ ተኳሿ ናት፤ በሥራዋም ተኳሽ፣ በጨዋታውም ተኳሽ፣ ቀስተኛ ናት። ሌላው ጆንያ ሙሉ እርጥብ አንሶላ ለብቻው የሚሸከም፣ ግንቡ የምንለው ሰውዬ ነው፤ እሱ ጎራዴና ጋሻ ይዟል። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ጠላት ገና ከሩቅ ብቅ ሲል እሷ ፍላጻዋን ትለቅበታለች። ግንቡ ጋሻውን አንጠልጥሎ እያለከለከ ሲደርስ ሁሉም ተዘርሮ ያገኘዋል። አንድ እሑድ «እኔ የመጣሁት ልዋጋ ነው ወይስ ሬሳ ላነሣ?» ብሎ ተነሣ። እሷም «ፈጠን በላ፣ ማን ያዘህ?» አለችው። በሩን ወርውሮት ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ ቀዘቀዘ። እሱ አንሶላውን ደጃፏ ላይ ጥሎላት ይሄዳል፤ እሷ ካውያዋን እያንቋቋች ትመልስለታለች። እዚህ ከእነዚህ ሰዎች በቀር ማን አለኝ፣ እትዬ? ላስታርቅ ብዬ የጨዋታውን ሕግ ቀይሬ ቀስቷን አዳከምኩት። እግዜር ያሳይሽ፣ አሁን ደግሞ እሷ «ዘንዶ በመርፌ ውጊ አልከኝ እኮ!» ብላ አኮረፈች።

ባወጣ ባወርድ፣ ጥፋቱ የቀስቱ ሳይሆን የሜዳው መሆኑ ገባኝ። ሁልጊዜ የማዋጋቸው ገላጣ ሜዳ ላይ ነበር፤ እዚያ ላይ ከሩቅ የሚመታን ሰው ማን ይችለዋል? ቀስቷን እንደነበረ መለስኩላትና ግንቡን «አንዴ ብቻ» ብዬ ለምኜ አመጣሁት። ያን ቀን ምሰሶ የበዛበት፣ ጠመዝማዛ ፍርስራሽ ቤት አስገባኋቸው። ሽፍቶቹ ከየምሰሶው ጀርባ ወጥተው ተኳሿ ላይ ተንጋጉ። ጠላት አፍንጫሽ ሥር ከደረሰ ቀስት ለመሳብ ፋታ የለም። ፊቷ ልውጥ አለ። ግንቡ በእውነት የመጡባት ይመስል ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ከኋላዬ ሁኚ!» ሲል ጮኸ።

እሱ ጋሻውን ገትሮ መንገዱን ዘጋ፤ እሷ በትከሻው አሻግራ እየለቀቀች አንድ በአንድ ለቀመቻቸው። የሽፍቶቹ አለቃ ብቻ ሲቀር ዳይሱን ለእሱ አቀበለችውና «ያንተ ነው፣ ጨርሰው» አለችው። ወረወረ። ሳተ! እንዴት እንደሳቅን አልነግርሽም፤ እሱ ራሱ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ይህ ከሆነ ሰንበትበት ብሏል። ከዚያ ወዲህ ግንቡ ሸሚዝ ለብሶ ይመጣል፤ ያውም ቀጥ ብሎ የተተኮሰ። ማን እንደሚተኩስለት መቼም አትጠይቂኝም። ትናንት ሁለቱም ተያይዘው መጡና «ልንጋባ ነው፣ ምስክራችን አንተ ነህ» አሉኝ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ግን አሁን ጎን ለጎን ካልቆምን አንዋጋም ስላሉ፣ ሁለቱን አንድ ላይ የሚችል ጠላት ጠፍቶኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለጋሼ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ትልቋን ልጅሽን ፈተናዋን በማለፏ እንኳን ደስ አለሽ በይልኝ፤ ትንሿ ደግሞ ማኩረፏን ትታ ድምጿን ታሰማኝ። ጎረቤታችንን ባለሱቁንም ሰላም በይልኝ።

የምትወጂው ታናሽ ወንድምሽ

ከማጠቢያው ክፍል፣ ማሽኖቹ ባረፉበት
እሑድ፣ ኅዳር 12 ቀን