የጀሶው ድንጋይ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ፊቴ ዛሬ ከሰማይ ወረደ።

ጧት ሦስት ሰዓት ላይ አውሮፕላን መጣ። ሰው ሁሉ ቦምብ መስሎት ሰሊጥ ማሳ ውስጥ ገባ፤ የወረደው ወረቀት ነው። አከራዬ ወይዘሮ እንጉዳይ ከጓሮዋ አንዱን አንሥታ መጣች። "ጋሼ፣ እስቲ ያንብቡልኝ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርሁ" አለችኝ። "ፊታውራሪ ገላጋይ ለመንግሥት ገባ። አንተስ ምን ትጠብቃለህ?" ይላል። ከሥሩ ፎቶ አለ፦ ግራ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ ያሰረ፣ ጢሙ የወረደ ሽማግሌ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ጣሊያን መኮንን ፊት ቆሟል።

እኔ ነኝ።

አነበብሁላት። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፤ የሃያ ዓመት ልምድ ነው። ጢሜን ተላጭቼ ነው ቤቷ የገባሁት፣ አላወቀችኝም። ጎንደር ጸሐፊ ነበርሁ ብያታለሁ። ባሏ ደምሴ ከፊታውራሪ ጋር ጣሊያንን ሊወጋ በረሃ ከወረደ ሁለት ዓመት አልፎታል። "እሳቸውም ገቡ? ያውም በድንጋይ?" ብላ ወረቀቱን አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ምሳ አልቀመሰችም። እኔ በላሁ። ሆዳም!

ረቡዕ፣ ኅዳር 7

እዚህም ካልጻፍሁት የት ልጽፈው ነው?

አዲስ አበባ ቴያትር ስሠራ፣ ንጉሥ ስሆን ሰው ያዛጋ ነበር፤ ሳለቅስ ይስቅ ነበር። ጥበቤ የበሰለው በስድሳ ዓመቴ፣ ጣሊያን አገሩን ከያዘ በኋላ ነው። ወይ አለመታደል! በሲኒማ ሦስት ጊዜ ሠራሁ። መጀመሪያ ዲዳ ውሃ ቀጂ። ቀጥሎ ጎንደር ላይ ዕውር ለማኝ፤ ሲኒማ አንሺዎቹ ሥራቸውን ትተው አጨበጨቡልኝ። ሦስተኛው እዚህ መተማ፣ ባለፈው ወር፣ የጣሊያኖቹ ምሽግ ግቢ ውስጥ ነው። ሲያልቅ ወባ ያዘኝ፣ ጥለውኝ ሄዱ።

"ሮማ ላይ የሚታይ ተረት ነው" ብሎኝ ነበር አስተርጓሚው። ግራ ዓይኔን ሲያስሩኝ የማን ዓይን እንደሆነ አላወቅሁም እላለሁ። ውሸቴን ነው። የፊታውራሪን ዓይን የማያውቅ የመተማ ውሻ እንኳ የለም።

የባሰው ግን እሱ አይደለም። ሲኞሩ፣ ሲኒማውን የሚያነሣው ጣሊያን፣ ያዘዘኝ እንድንበረከክ ብቻ ነበር። ሁለት ጊዜ ተንበረከክሁ፤ ሕይወት የለውም። ያኔ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ "በኛ አገር በደለኛ ከልቡ ማረኝ ሲል ድንጋይ ተሸክሞ ነው" አልሁት። ሥራው እንዲያምር ብዬ! አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሲኞሩ በደስታ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የእውነት ድንጋይ ጉልበቴን ቢያብረከርከው ከጨርቅና ከጀሶ ሠሩልኝ፤ ውስጡ ባዶ፣ ከቅል የማይከብድ። እኔ አከበድሁት። አቃሰትሁ፣ ተንገዳገድሁ፣ እንባዬ በጨርቁ ሥር ወረደ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ሠርቼ አላውቅም። የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 9

አሥራ አንድ ሰዎች ገቡ። ደምሴ አለበት።

ገበያተኛው ሁሉ ወጥቶ አየ። ኩታቸውን አደግድገው፣ እያንዳንዳቸው ድንጋይ በጫንቃቸው፣ በአንድ መስመር መጡ። እንዲህ አድርጉ ብዬ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ባንዳዎቹ ጠመንጃቸውን ተቀበሉ፣ ድንጋዩን በሩ ላይ አስጣሏቸው፣ እጃቸውን የፊጥኝ አስረው ወደ ምሽጉ አስገቧቸው። ምሬያችኋለሁ ያላቸው የለም።

እኔስ ቆሜ ምን አየሁ? አንዳቸውም አላቃሰቱም፣ አንዳቸውም አልተንገዳገዱም። እግራቸውን እያዩ ይራመዳሉ፣ በቃ። "ለካ እንዲህ ነው" አልሁ በልቤ። ሰው ወደ ገመድ ሲሄድ እኔ አካሄድ አጠናለሁ። ቱ!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 10

ወይዘሮ እንጉዳይ ስንቅ አድርሳ መጣች። ደምሴን በአጥሩ ቀዳዳ አናግራዋለች። ፊታውራሪ ጠመንጃ ፍለጋ ሱዳን ከተሻገሩ ወር ሆኗቸዋል፣ ድምፃቸው ጠፍቷል። ወረቀቱ የወረደው በዚህ መሀል ነው። "መንበርከክ ቢሆን በግድ ነው እንል ነበር፤ ድንጋይ ግን ሰው ራሱ ካልተሸከመው ማን ያሸክመዋል?" አላት ደምሴ። ስድሳ ሰው ገና በረሃ አለ። ሚካኤልን አክብረው ሊገቡ ተማክረዋል።

ከዚህ በላይ አልቻልሁም። ጓዳ ገባሁ፣ ጥቁር ጨርቅ ዓይኔ ላይ አሰርሁ፣ ወጥቼ ፊቷ ቆምሁ።

ወረቀቱን ከመቀነቷ አወጣች። እኔን አየች፣ ወረቀቱን አየች።

"አንተ ነህ?" አለች። ወር ሙሉ ጋሼ፣ እርስዎ፣ ስትለኝ የኖረች ሴት።

"እኔ ነኝ።"

"ባሌን እኮ ይሰቅሉታል።"

"አውቃለሁ።"

አልጮኸችም። ብትጮህብኝ ምንኛ በተሻለ! "በረሃ ላሉት ወሬ ብልክ ማን ያምነኛል? በዓይናቸው ያዩት ነው። ይህን ፊትህን ይዘህ ሂድ" አለችኝ።

"ይገድሉኛል።"

"ይሆናል" አለችና እሳቱን ቆሰቆሰች።

እሑድ፣ ኅዳር 11

ምክንያት ስደረድር ዋልሁ። ጉልበቴ። ወባው። ሙቀቱ። ኬላው። አገሩን አላውቀውም። ስጨርስ እንደገና ከጉልበቴ ጀመርሁ።

ከሰዓት በኋላ እንጉዳይ ድንጋይ ተሸክማ ገባች። ምሽጉ በር ላይ ከተከመረው ነው፤ ለጉልቻ ነው ብትለው ዘበኛው ስቆ ሰጣት። "የደምሴ ነው። ባዶ እጅህን አትሄድም" አለች። ሳነሣው ወገቤ ቀጭ አለ። አህያዋን ሰጠችኝ፣ ድንጋዩን ሰሊጥ ነዶ ውስጥ ሸሸገችው፣ መንገዱን በጣቷ መሬት ላይ ሣለችልኝ። ስንቅ ቋጠረችልኝ። ስንቁን ስቀበላት ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 13

በሕይወት አለሁ።

ትናንት በሚካኤል ኬላውን ሰሊጥ ሰብሳቢ መስዬ አለፍሁ፤ ሰብሳቢነቷንም አሳምሬ ሠራኋት። ደረቁ ወንዝ ጋ ስደርስ ድንጋዩን አውርጄ ተሸከምሁ፣ ዓይኔን አሰርሁ። ብዙም ሳልሄድ የበረሃው ሰዎች ጠባቂዎች ያዙኝ።

ፊታውራሪ እስኪመለሱ ሰዉን የሚመሩት ቀኛዝማች ውቤ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። ወረቀቱን አውጥተው ካንዴም ሁለቴ አስተያዩኝና ራሳቸውን ነቀነቁ። "ለሴትዮዋ አዝነህ የምትዋሽ ትመስላለህ። ይህ ሰውዬ ከልቡ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በጨዋታ አይሆንም" አሉ። እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"እውነትህን ከሆነ አድርገህ አሳየን" አሉ።

በደምሴ ድንጋይ ሞከርሁ። እንቢ አለ። እውነተኛው ሸክም ዝም አሰኘኝ፤ እግሬን እያየሁ መራመድ ብቻ፣ እንባ የለ፣ ምን የለ። "እሱ አይደለም" አለ አንዱ። ሌሎቹ ሳቁ። የስድሳ ሰው ነፍስ በእጄ ነው፣ እነሱ ይስቃሉ!

"አቁማዳ ስጡኝ፤ ጭድ ሙሉበት" አልሁ።

ተሸከምሁት። ጉልበቴ ተብረከረከ፣ ሲቃ ያዘኝ፣ እንባዬ በጨርቁ ሥር ወረደ። ካለፈው ወር ይልቅ አማረ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አማረ። ቀኛዝማች አቁማዳውን ከጫንቃዬ በሁለት ጣታቸው አንሥተው ለሰዎቹ አሳዩ። አንዱ ወረቀቱን ቀደደ። ከዚያ ሁሉም ቀደዱ።

ስድሳው አይገቡም። አሥራ አንዱ ግን ምሽጉ ውስጥ ናቸው፤ እነሱን የሚያወጣ ጨዋታ አላውቅም።

"በል አሁን የራስህን ተሸከም" አሉኝ ቀኛዝማች። የደምሴን ድንጋይ አንሥቼ ፊታቸው ቆምሁ። "ማሩኝ" አልሁ። "እኔ ምን ቤት ነኝ? ፊታቸውን የወሰድህባቸው ፊታውራሪ ሲመለሱ ይንገሩህ። ከሳቸውም በኋላ የደምሴ ሚስት አለች" ብለውኝ ሄዱ። አውርድ ያለኝ የለም። ጉልበቴ ሲከዳኝ ራሴ አወረድሁት። ይኸው አጠገቤ ነው።

አሁን ጠባቂው ውሃ አቀበለኝ። ስጠጣ እያየኝ፣ "ትናንት ያለቀስኸው የእውነትህን ነው?" አለኝ።

አላውቅም አልሁት።