የአባባ ጥቁር ቀለም

ጥቅምት 6

እንደ ወትሮው ከቁርስ በፊት የአባባን ጋዜጣ አተምኩ። አሥራ ስምንት ገጽ። ሦስት ዜና፣ አንድ ሐተታ፣ አንድ የስፖርት ወሬ ከኢንተርኔት መርጬ፣ ፊደሉን የአውራ ጣት ጥፍር አሳክዬ... ዓይናቸው ከዚያ ያነሰ ማየት ከተወ ሁለት ዓመት አለፈው።

እሳቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ ያቺን ወፍራም የአናጢ እርሳስ ይዘው ይጠብቃሉ። አርባ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ያለ እርሳስ አያነብም። ዛሬ አራት ስህተት አወጡ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት የጋዜጣ አራሚ ነበርኩ ትያለሽ። እነዚህ ምንድን ናቸው?"

የጻፍኩት እኔ አይደለሁም ብል ማን ይሰማኛል?

የመጨረሻው ገጽ ላይ የፕሪንተሩ ጥቁር ቀለም አለቀ። በዚህ ወር ሁለተኛው ካርትሪጅ። ትልቅ ፊደል ቀለም ይጠጣል። በዚህ አያያዝ አይዘለቅም።

ጥቅምት 7

ገበያ አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባዶ ካርትሪጅ የምትሞላ ልጅ አለች ሲሉኝ ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ ስሪንጅ፣ ጓንት፣ ሶፍት፣ በየመልካቸው የተደረደሩ የቀለም ጠርሙሶች። ሱቅ ሳይሆን ክሊኒክ የገባሁ መሰለኝ። የካርትሪጁን ተለጣፊ ገለጥ አደረገች፣ ቀዳዳዋን አገኘች፣ መርፌውን ሰካች... ቀስ አድርጋ።

"ሲሞሉ አይቸኩሉ እትዬ። ውስጡ ስፖንጅ ነው። ካጣደፉት ይተፋል።"

ስሪንጁንና ጠርሙሶቹን አስታቅፋ ስትሸኘኝ ምክር ጨመረችልኝ። "ፕሪንተሩ መሞላቱን አያውቅም። ባዶ ነው፣ ባዶ ነው እያለ ይጨቀጭቅዎታል። አይስሙት። እሺ ብለው ይለፉት።"

"ውሸታም ነው በይኛ።"

"ውሸታምስ አይደለም፤ ግትር ነው። ልክ እንደ ባሌ።"

ጥቅምት 9

በገዛ እጄ ሞላሁ! ማለቴ፣ ግማሹን ካርትሪጁ ውስጥ፣ ግማሹን እጄ ላይ። አባባ ጣቶቼን አዩና "የት አሻራ ሰጥተሽ መጣሽ?" አሉኝ።

ማሽኑ እንደተባለው ነው። ባዶ ነው አለ። እሺ አልኩት። ይህ ካርትሪጅ ከዚህ በፊት ያገለገለ ይመስላል አለ። እሺ። መቀጠል ትፈልጋለህ? እሺ። ወረቀቱ ግን ከሰል የመሰለ ጥቁር ሆኖ ወጣ። አባባ አምስት ስህተት አገኙ። ደስ ብሏቸው ዋሉ።

ጥቅምት 12

መሐንዲሱ መጣ። የአባባ የድሮ ተማሪ ነው፤ አሁን እሱም ሸብቷል፤ እሳቸው ፊት ሲቀመጥ ግን እጆቹን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል። የቀድሞ ተማሪዎች ኅዳር 8 ይሰበሰባሉ። አባባ ንግግር እንዲያደርጉ ፈለጉ።

"ጋሼ፣ ለንባቡ አይጨነቁ። እርስዎ ይጻፉት፤ ከኛ አንዱ ያነብልዎታል።"

"የኔን ንግግር ሌላ ሰው ካነበበው እኔ ምን ልሠራ ነው የምመጣው? ልጨበጭብ?"

መሐንዲሱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ራሴ አነባለሁ ብለው ቃል ገቡለት።

ጥቅምት 17

ንግግሩን ጀመርን። እሳቸው ሳሎኑን እየተንጎራደዱ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ሁለት ገጽ ከሄድን በኋላ "ሁሉንም አጥፊው፤ ሰባኪ መሰልኩ" አሉ። አጠፋሁት። እንደገና...

ይህ ማሽን ደግሞ ጥያቄው በዛ። ጠዋት ጠዋት ሦስት አራት ጊዜ ካላናዘዘኝ አያትምም። መነጽሬን እንኳ ሳላደርግ እሺ፣ እሺ፣ እሺ። ዛሬ ረዘም ያለ አንድ ጨመረ። እሱንም እሺ አልኩት።

ጥቅምት 20

ኅትመቱ ወደ ቡኒ ያደላ መሰለኝ። የጠርሙሱ ጠባይ ይሆን? ለነገሩ አይከፋም፤ ለስለስ ብሏል። ያለ ችግር ይነበባል።

ጥቅምት 23

አባባ ዛሬ አንድም ስህተት አላገኙም።

ጥቅምት 25

ፊደሉን ጨምሪበት አሉኝ። ጨመርኩ። ጋዜጣው ሠላሳ አንድ ገጽ ሆነ። እሳቸው ግን ሦስተኛው ላይ አስቀመጡት። ደክሞኛል አሉ። ገና ጠዋት ነበር።

የማይገባኝ ሌላ ነገር ደግሞ... ባለ ቀለሙ ካርትሪጅ አለቀ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ሁሉም ሙልጭ። አንድ ፎቶ ሳላትም! ለባለ ስሪንጇ ልጅ ደወልኩላት።

"እትዬ፣ ሰርግ አለብዎት እንዴ? ምን እያተሙበት ነው?"

"ጋዜጣ። ጽሑፍ ብቻ።"

"እንጃ... ምናልባት ያፈስ ይሆናል። ከሥሩ ሶፍት ያድርጉበትና ይዩት።"

አደረግሁ። ጠብ ያለ የለም። ሦስቱንም ሞላሁ።

ጥቅምት 28

ከገበያ ስመለስ አባባ ስልክ ላይ ናቸው። ከመሐንዲሱ ጋር። በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ባልሰማ ይሻለኝ ነበር።

"አይ፣ ልክ ነበርክ። ከናንተ አንዱ ያንብበው። ... የለም፣ አልታመምኩም። ድምፄ ደህና ነው።"

ስልኩን ሲዘጉ ገባሁ።

"ምነው አባባ?"

"ምንም።"

"ራሴ ነው የማነበው ብለው አልነበር?"

እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ወደ ተከመረው ወረቀት ዘረጉ። "ፊደሎቹ እየሄዱ ነው ልጄ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ነበር። አሁን መሃሉም። ሳምንት ሙሉ ገጹን ሳገላብጥ የምታዪኝ... እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።"

ወደ ማድ ቤት ገብቼ የታጠበውን ሳህን እንደገና አጠብኩ።

ጥቅምት 29

ለዓይን ሐኪም ቀጠሮ ያዝኩ። አባባ አልሄድም አሉ። "ያለቀ ነገር ነው። ሐኪሙ ምን ሊነግረኝ ነው? ዕድሜዬን?" ሁለት ሰዓት ለመንኩ። በመጨረሻ የረታቸው ልመናዬ አይደለም፤ ኮቴን አምጪ ብለው በገዛ ፈቃዳቸው ተነሡና፣ ቀጠሮው የዛሬ ሦስት ቀን ነው ስላቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

ኅዳር 2

ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። አንድ ሰዓት ያህል መረመረቻቸው። ብርሃን፣ ጠብታ፣ ደግሞ ብርሃን። ከዚያ ያለፈውን ዓመት መዝገብ አውጥታ ከዛሬው ጋር አስተያየችው።

"አባት፣ ምንም አልተለወጠም። ሁለቱም ዓይን አምና እንደነበረው ነው።"

አባባ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። ተቆጡ። "እኔ ካልተለወጥኩ ማን ተለወጠ? ጋዜጣው?"

ኮሪደሩ ላይ ወረቀቶቻችንን ስንጠብቅ እሳቸው ማጉረምረም ቀጠሉ። ድንገት አጠገባቸው ወዳለው ግድግዳ አገጫቸውን ቀሰሩ። "'ስልክዎን ያጥፉ' ተብሎ ተለጥፎ፣ ያቺ ነርስ ራሷ ስልክ ታወራለች።"

አየሁ። ነርሷ በእርግጥ ታወራለች። ማስታወቂያው ደግሞ... ነጭ ወረቀት፣ ጥቁር ፊደል። መጠኑ እኔ ከማትምላቸው አይበልጥም። ከአንድ ክንድ ርቀት። አንብበውታል።

ታክሲ ውስጥ ማስታወቂያውን እያሰብኩ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። አባባ ሐኪሟ ነግራኝ የደበቅኋቸው ነገር ያለ መስሏቸው እጄን ያዙኝ።

ኅዳር 2፣ ከሰዓት በኋላ

ያኔ ጥቅምት 9 ያተምኩትንና የዛሬ ጠዋቱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ለኔ ሁለቱም ይነበባሉ። ግን ሲጠጋጉ... አንዱ ከሰል ነው። ሌላው የረጋ የሻይ አተላ።

አባባን ጠራሁ። የቆየውን ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት፣ ከላይ እስከ ታች። የዛሬውን ሰጠኋቸው።

"ይኸ ጭስ ነው። ፊደል የት አለው?"

መነጽሬን አድርጌ ማሽኑን አስነሣሁ። የሚለውን ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እንደ ሠራሁት አድርጌ አነበብኩ። ጥቁሩ ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ከጥቅምት 17 ጀምሮ ጥቁሩን ትቶ፣ ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫውን እየደባለቀ ጥቁር ለመምሰል ሲታገል ከርሟል። ፈቃድ ጠይቆኛል። በጨዋ ደንብ። "ጥቁሩ አልቋል፤ በባለ ቀለሙ ልቀጥል?" ብሎ። እኔም እሺ ብያለሁ። በዋዜማው እንደገና የሞላሁት ጥቁር እስከ አፉ ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል!

ለአባባ አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። ወንበራቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ደነገጥኩ። ሳቅ ነው።

"ሳያነቡ መፈረም... ተማሪዬ ብትሆኚ ወላጅ አምጪ እልሽ ነበር።"

"ወላጄስ ይኸው፣ መጥቷል።"

"እንግዲያው ከሱ ጋር ተነጋግሬ እነግርሻለሁ።"

ወዲያው መሐንዲሱ ዘንድ አስደወሉኝ። "ያ አንባቢ ተብዬው ሰው ይቅርበት። ቦታዬን መልሱልኝ።"

ኅዳር 3

ደስታችን ቸኩሎ ነበር። ማሽኑን ጥቁሩን ተጠቀም ብዬ አዘዝኩት፤ ነጭ ወረቀት አወጣ። ደግሜ፣ ነጭ። ራሱን አጸዳ፣ ነጭ። ለሁለት ሳምንት ሥራ የፈታው ካርትሪጅ አፉ ደርቋል።

አዲስ ልግዛ ብዬ ሦስት ሱቅ ዞርኩ። የኛ ሞዴል ዕቃ የሚመጣው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ንግግሩ የፊታችን ኅዳር 8...

ወደ ባለ ስሪንጇ ሮጥኩ። አየችው፣ ብርሃን ላይ አገላበጠችው። "ካልተቃጠለ ይነሣል። ከተቃጠለ ግን አልዋሽዎትም።" ሶፍት አጣጥፋ ሙቅ ውሃ አራሰችና ካርትሪጁን በአፉ አስቀመጠችበት። ምንም። ደግማ አሞቀች። እኔ ቆሜያለሁ።

"ይቀመጡ እትዬ። ቆመው ቢያዩት አይፈጥንም።"

"ለአባቴ እኮ ነው።"

"ነግረውኛል። አራት ጊዜ።"

አራተኛው ሶፍት ላይ ቀጭን ግራጫ መስመር ታየች። አምስተኛው ላይ ጥቁር። ልጅቷ ሶፍቱን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ፤ እንደ አዋላጅ።

ኅዳር 5

ንግግሩ ሃያ ሁለት ገጽ ሆነ። በየገጹ ስድስት መስመር። አባባ ጠዋት ጮክ ብለው ይለማመዳሉ። ጎረቤቶች ንግግሩ ውስጥ ያለውን የወንዝ ስም ሁሉ ሳያውቁት ተምረዋል።

ኅዳር 8

አዳራሹ ሞልቷል። አባባ መድረኩ ላይ ሲወጡ ተማሪዎቻቸው ተነሥተው ቆሙ። ሽበት በሽበት። "ተቀመጡ" አሉ። ተቀመጡ።

አነበቡ። ሳይቸኩሉ፣ ገጽ በገጽ፣ የጨረሱትን እየገለበጡ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ ቆሙ። ወረቀቱን ጠጋ አደረጉት። ራቅ አደረጉት። ቀለሙ ደከመ? እኔ ሁሉንም ገጽ አንድ በአንድ አይቼ ነው ያመጣሁት።

"እዚህ ላይ" አሉ በማይክሮፎኑ፣ "ልጄ 'በአንድ ክፍል አራት መቶ ተማሪ' ብላ ጽፋለች። አርባ ነበራችሁ። ለኔ ግን አራት መቶ ትመስሉኝ ነበር፤ ስለዚህ እንዳለ አነበዋለሁ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ጥፋቴን እያወቅሁ። እስከ ሃያ ሁለተኛው ገጽ ሄዱ። አንድ መስመር አልዘለሉም።

ከመድረክ ሲወርዱ አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ መንገድ ዘጉባቸው። የሒሳብ መምህሩ ናቸው፤ ከአባባ ጋር ሃያ ዓመት አንድ የመምህራን ክፍል የተጋሩ።

"አንተ፣ ወረቀቱን እስቲ።"

አባባ ሰጧቸው። መምህሩ የመጀመሪያውን ገጽ አፍንጫቸው ሥር ወስደው ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው የመጀመሪያውን መስመር አነበቡ። ከሦስት ዓመት ወዲህ ምንም አላነበብኩም አሉን። ወረቀቱን ሊመልሱልን አልፈለጉም። እያነበቡ ወጡ።

ኅዳር 16

አሁን ጋዜጣውን በሁለት ቅጂ አትማለሁ። አንዱን ጠዋት የሒሳብ መምህሩ የልጅ ልጅ ወደ ሥራ ስትሄድ ትወስዳለች። ጥቁሩን በየአምስት ቀኑ እሞላለሁ፤ ማሽኑ የሚለውን ደግሞ መነጽሬን አድርጌ አነባለሁ። አንዳንዴ አይሆንም እለዋለሁ።

ዛሬ አባባ ሁለተኛው ገጽ ላይ እያሉ ስልክ ጮኸ። የሒሳብ መምህሩ ናቸው። እሳቸው ከኋላ፣ ከስፖርቱ ነው የሚጀምሩት። አባባ እርሳሳቸውን ጣሉና ስልኩን ከጆሮአቸው አራቁት።

"ገና አልደረስኩበትም አልኩህ እኮ! ስንት ለስንት እንደሆነ እንዳትነግረኝ!"