ከመሳቢያው ጀርባ ያለው ጭረት

ለውድ አባባ፣

ዓይንዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ? እማዬን ወገቧ ተሻላት? እኔን ሳል ቢጤ ጀማምሮኝ ነበር፤ አሁን ለቆኛል፣ ተመስገን። ይህን የምታነብልዎት ታናሽ እህቴ መስመር እንዳትዘል ይቆጣጠሯት፤ ደብዳቤ ሲረዝምባት የማታደርገው የለም።

ባለፈው ደብዳቤዎ፣ ዓይኔ ከደከመ ወዲያ የእንጨት ሥራ ምን ያደርግልኛል፣ መሮና መጋዜን ለሰው ልሰጥ ነው ብለው ካስጻፉ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። መልስ ያዘገየሁት ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው። አሁን ግን የምነግርዎት አገኘሁ።

እንደሚያውቁት፣ አሮጌ ዕቃ በጨረታ በሚሸጥበት ቤት ተሸካሚና ወልዋይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት አምስት መሳቢያ ያለው የማሆጋኒ እንጨት ኮመዲኖ መጣ። መቶ ዓመት አልፎታል ይላሉ፤ ወልውዬው ፊቴን አየሁበት። ገዢዎች ሊያዩት አንድ ቀን ሲቀረው ሦስተኛው መሳቢያ አልከፈት አለ። ከቅጥነቱና ከግትርነቱ የተነሳ ሚስማር የምንለው ጠጋኝ መላጊያውን ይዞ መጣ። ያንን የመሰለ እንጨት ሊልገው ነው።

ትንሽ እንዲታገሠኝ ለመንኩት። ተሸካሚ ከመቼ ወዲህ ነው አናጢ የሆነችው ብሎ አላገጠብኝ፤ ቢሆንም ሻዩን ጠጥቶ እስኪጨርስ ፈቀደልኝ። መሳቢያዎቹን ሁሉ አወጣሁ። ክፍሉ ጨለም ያለ ስለሆነ ጀርባቸውን በጣቴ ዳሰስኩ። አባባ፣ እርስዎ በመሮ የሚጭሩት ምልክት አለ አይደል? ለአንደኛው መሳቢያ አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት። በልጅነቴ ቁጥር መጻፍ ስለማይችሉ ይመስለኝ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። የዚህ ኮመዲኖ ሠሪም እንደዚያው ጭሮ ኖሯል። ሦስተኛውና አራተኛው ለዓይን እኩል ስለሚመስሉ አንድ ሰው አቀያይሯቸዋል። በየቦታቸው ስመልሳቸው ያለ ድምፅ ገቡ፤ አንዱን ስዘጋ አየሩ ሌላውን ገፋ አድርጎ አወጣው። ሚስማር ሻዩን አስቀምጦ እየደጋገመ ከፈተ፣ ዘጋ።

በጨረታው ቀን ሦስት ሰዎች ተናነቁበት። ያሸነፉት አንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ሲረከቡ መጀመሪያ የከፈቱት ያንኑ ሦስተኛውን መሳቢያ ነው። በማግስቱ ሚስማር ጠራኝና ከሰኞ ጀምሮ ጥገና ክፍል እንድገባ ነገረኝ። ማን አስተማረሽ አለኝ፤ አባቴ አልኩት። አሁንም ይሠራሉ ወይ ሲለኝ፣ አዎ ብዬ ዋሸሁ። እባክዎን ውሸታም አያድርጉኝ። መሮዎን ለማንም አይስጡ።

ለታላቅ ወንድሜና ለባለቤቱ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ መንታዎቹን አገላብጠው ይሳሙልኝ። አንባቢዋ እህቴም ጉንጭሽን ስሜሻለሁ፤ እስካሁን ካልዘለልሽ ማለቴ ነው።

እማዬን ደግሞ ስመው አንድ ነገር ይናዘዙልኝ። ነገ አበጀዋለሁ እያሉ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ጎረቤት ሁሉ የአናጢ ቤት መሳቢያ እያለ የሚስቅበት የቁም ሣጥናችን መሳቢያ አልከፈት ያለው በእኔ ጥፋት ሳይሆን አይቀርም። በልጅነቴ መርፌ ስፈልግ ሁለቱንም መሳቢያዎች አውጥቼ እንደ ነገሩ መልሻቸዋለሁ። ዛሬውኑ ያውጧቸውና ጀርባቸውን በጣትዎ ይዳስሱልኝ። ለዚህ ዓይን አያስፈልግም።

ልጅዎ
ከጥገና ክፍሉ መስኮት ሥር
የካቲት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.