የላቪኒያ ክፍል ኪራይ

ሰኞ፣ ጁን 8

ዝናብ። አውቶቡሱ ዘገየ፤ ካልሲዬ እስከ ምሳ ሰዓት አልደረቀም። ሚስ ኮርማክ የክርክር ርዕስ አከፋፈለች። መንግሥት ኪራይ ያቃተውን ሰው ይደጉም ወይስ አይደጉም? እኔን ከተቃዋሚዎቹ ጋር መደበችኝ። በኋላ ለብቻዬ ጠርታ፣ ሴሚሲ፣ ልቀይርልህ ወይ አለችኝ። ግድ የለም አልኳት። ሰሞኑን ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያናግረኝ... ይደክማል።

ማታ የቆርቆሮ ሥጋ በሽንኩርት ጠበስኩ። እማዬ ሁለቴ ጎርሳ ተወችው።

ረቡዕ፣ ጁን 10

አጎቴ ሞሴሴ መጣ፤ የእማዬ ታናሽ ወንድም። ፈለቲ የሚባል የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ክፍል ይፈልጋል አለ። ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን፣ የማይጠጣ ልጅ። የላቪኒያ ክፍል ዝም ብሎ ከሚቀመጥ... እማዬ የታጠበውን ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመረች።

«ፍሪጅህን ለምን አታከራይም? እሱም ባዶ ነው» አልኩት። በእናት ወንድም መቀለድ ይፈቀድልናል። ሳቀ። ክፍሉን ግን አልረሳውም።

እውነቱን ነው። እህቴ ላቪኒያ ከሞተች ሰባት ሳምንት ሆነ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። በልጅነቷ የታመመችው ጉሮሮ ልቧን ጎድቶት ኖሯል። የኪራዩን ግማሽ የምትከፍለው እሷ ነበረች። የእማዬ የጽዳት ደሞዝ ብቻውን ኪራይ ከፍሎ ለምግብ አይተርፍም። ከዚህ ቤት ልንወጣ ነው?

ክፍሏን ግን... አንድም ቀን ገብቼበት አላውቅም። እኛ ቶንጋዎች ወንድም የእህቱን ክፍል አይረግጥም። እሷ ሳሎን ከገባች ቴሌቪዥኑን ትቼላት እነሳ ነበር። ክብር ነው። ለፈረንጅ ሳስረዳ የተጣላን ይመስለዋል።

ዓርብ፣ ጁን 12

ከትምህርት ቤት ቀርቼ እማዬን የድጎማ ቢሮ ወሰድኳት። ጥቁር ለብሳ፣ በእኛ ወግ ለሐዘን የሚታጠቀውን ሰሌን ወገቧ ላይ ታጥቃ። ሰው ሁሉ ያያታል። አላፈርኩም... ትንሽ አፈርኩ።

ያስተናገደችን ልጅ ጉንፋን ይዟታል፤ ደግ ናት። እኔ አስተረጉማለሁ። ለሁለት ሰው ሦስት መኝታ ቤት ምን ያደርጋል፣ አነስ ያለ ብትፈልጉ አይሻልም ወይ አለች። ሦስተኛው የእህቴ ነው አልኩ።

«እህትህ አሁን አብራችሁ ትኖራለች?»

እማዬ እንግሊዝኛው ሳይገባት ጥያቄው ገባት። ክንዴን ያዘችኝ።

«የለችም በላት» አለችኝ በቶንጋኛ።

ይህን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። በቀብሩም ቀን አላለችውም። ተረጎምኩ። ልጅቷ አፍንጫዋን ጠረገችና መጻፏን ቀጠለች።

ሐሙስ፣ ጁን 18

ተፈቀደ። በሳምንት ሰባ ዶላር። እማዬ ዶሮ ገዛች። ሁለት ሳህን በላች፣ ከዚያ እንቅልፍ ጣላት፣ ሶፋው ላይ። ብርድ ልብስ ደረብኩላት።

ሰኞ፣ ጁን 22

አከራያችን ሚስተር ናይዱ መጣ። ፊጂ ተወልዶ እዚህ ኦክላንድ ያረጀ ሰው። ለላቪኒያ ለቅሶ ሁለት ሌሊት ከእኛ ጋር ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያደረ። ዛሬ ግን በር ላይ ቆመ፤ ግባ ቢባል እምቢ አለ። ከሁለት ወር በኋላ ኪራዩ ስልሳ ዶላር ይጨምራል። የባንኩ ወለድ፣ የጣሪያው ጥገና... ጫማውን እያየ ነው የሚያወራው።

«መቼም አሁን መንግሥትም እያገዛችሁ ነው አሉ» አለ።

ማን አለ? አጎቴ ሞሴሴ ነዋ። ዓሣ ጥብስ ቤት ተሰልፎ ለሰዉ ሁሉ ሲያወራ ነበር፣ ስለ እማዬ፣ «እህቴን መንግሥት በኪራይ እየደገፋት ነው» እያለ። በኩራት። ደውዬ ነገርኩት። «በለኛ፣ ስደበኝ» አለ። አቅም አልነበረኝም።

ረቡዕ፣ ጁን 24

ክርክሩ ዛሬ ነበር። የተዘጋጀሁበትን ወረቀት አላየሁም። መንግሥት ሰባ ሲሰጠኝ አከራዬ ስልሳ ይጨምራል፤ እንግዲህ የተደጎመው ማነው? አልኩ። ከዚያ ጆርዲ ተነሳ፤ የሌላው ቡድን ልጅ። ባለፈው ዓመት ከቤተሰቡ ጋር ሁለት ወር መኪና ውስጥ እንዳደረ ሁላችንም እናውቃለን፤ እሱ አያወራውም።

«እሺ፣ ሰባው ከነአካቴው ባይኖርስ? ያኔ የት ነው የምታድረው?»

ወረቀቴን አጥፌ ተቀመጥኩ። ሚስ ኮርማክ ግን አሸናፊዎቹ እናንተ ናችሁ አለችን። ምኑን? የኔም እውነት ነው፣ የሱም እውነት ነው። ይሰጡን፣ ግን አከራይ እንዳይወስደው ያድርጉ... እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው።

እሁድ፣ ጁን 28

እማዬ ቤቱን እንለቃለን አለች። ባዕድ የላቪኒያ አልጋ ላይ ከሚተኛ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ እንገባለን። ጋራዡ ውሃ ያስገባል። የላቪኒያ የልጅነት ሕመም፣ ያ ሳል፣ ያ እርጥበት... እንደገና?

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ አክስቴ ሲሲሊያ መጣች። የሟች አባቴ ታላቅ እህት፤ በእኛ ዘንድ ከአባት እህት በላይ የለም። እሷ ስትገባ ሁሉም ዝቅ ይላል። እማዬም። ሻይዋን ጨርሳ፣ ፈለቲ የሴሚሲን ክፍል ይከራይ፣ ሴሚሲ የላቪኒያን ይውሰድ አለች።

አልችልም አልኳት። ላቪኒያ ብትሞትም እህቴ ናት።

«በዚህ ቤት ከእኔ በላይ ማነው?»

«ማንም።»

«እንግዲያው እኔ ግባ ብዬሃለሁ። ንቀሃት አይደለም የምትገባው። ሌላ ሰው እንዳይገባባት ነው።»

እማዬን አየኋት። ሰሌኗን አጥብቃ ይዛ አቀርቅራለች። ቆይታ ራሷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ነው።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 4

ልብሶቿን አክስቴና እማዬ ትናንት አወጡ። ፈለቲ ጠዋት ገባ፤ ዕቃው አንድ ሻንጣ ብቻ። ወንድሜ ይለኛል፣ በእግሩ ጣት ነው የሚሄደው፣ ቤት እንዳይረብሽ። የእሱ ኪራይ ሲጨመርበት አንወጣም። የሚተርፍ ነገር ግን የለም።

እኔ የላቪኒያ በር ደፍ ላይ ብዙ ቆምኩ። እማዬ ከኋላዬ መጥታ ትራሴን አቀፈችና ቀድማኝ ገባች። ተከተልኳት።

መስኮቱ ከኔ ክፍል መስኮት ይተልቃል። ግድግዳው ጥግ ላይ ሻጋታ አለ፤ በኔ በኩል አልነበረም። አላውቅም ነበር... አልነገረችኝም። ሰኞ ለሚስተር ናይዱ እደውላለሁ። ጣሪያ እጠግናለሁ ካለ ሻጋታውንም ይጨምር።

በሩን ስዘጋ እምቢ አለኝ። እስከ ዛሬ ከውጭ ብቻ ነው የማውቀው። ለካ ከውስጥ ሲዘጋ ትንሽ ከፍ ማድረግ ይፈልጋል።