የኪቦርዱ ሐኪም፦ የእትዬ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው እትዬ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ጥር 17 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ፊቷ የአባታቸው ሱቅ፣ ጓዳዋ የቤተሰቡ መኖሪያ ነበረች። ከአምስት ዓመት በኋላ አንድ ወንድም ተከተላቸው፤ እርሳቸውም የእኔ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ፣ አባት ናቸው። አባቴ አፋቸውን ሲፈቱ “እትዬ” ብለው ስለጠሯቸው ጎረቤቱም፣ ኋላም የመሥሪያ ቤት ባልደረባው ሁሉ በዚሁ ጸና።

እትዬ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናቸው አባቴ በዘጠኝ ዓመታቸው በኩፍኝ ታመው የዓይናቸውን ብርሃን አጡ። ከዚያ ወዲህ ወንድማቸውን እጃቸውን ይዘው ትምህርት ቤት ማድረስና መመለስ የእትዬ ድርሻ ሆነ። መንገዱንም በቁጥር ያስጠኗቸው ነበር፦ ከበራችን እስከ ቦዩ አርባ እርምጃ፣ ከቦዩ እስከ ዳቦ ቤቱ መቶ አሥር። ዓመት ሳይሞላ አባቴ ብቻቸውን ዳቦ ገዝተው መመለስ ቻሉ። እትዬ ግን ሳይታዩ ከኋላ ከኋላ ይከተሉ እንደነበር አባቴ ያወቁት ካደጉ በኋላ ነው።

እትዬ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት አጠናቀው በ1968 ዓ.ም. በስልክ ማዞሪያ ጣቢያ የጥገና ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። በክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ነበሩ። የማዞሪያው የሞተ ካርድ፣ ማለትም የተበላሸ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ፣ እጃቸው ከገባ ሳይነሳ አይወጣም ስለተባለላቸው “ሐኪሟ” የሚል ቅጽል ወጣላቸው። አለቃቸው “ሐኪሟ፣ እባክሽ የእኔንም ወገብ ፈትተሽ አንድ ካርድ ቀይሪልኝ” እያሉ ይቀልዱ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤታቸው መስመር ዘርጊ ጋር ትዳር መሠረቱ። ከአራት ዓመት በኋላ ባለቤታቸው ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ ሲዛወሩ እትዬ ወንድማቸውን ትተው መሄድ አልሆነላቸውም። ባለቤታቸው ጨዋ ሰው ነበሩ፤ “ወይ እኔ ወይ ወንድምሽ” አላሉም። “መቼ ትመጫለሽ?” እያሉ ሁለት ዓመት ጻፉ፤ ከዚያ መጻፉን ተዉት። ልጅ አላፈሩም።

አባቴ በሠርግ አዳራሾች ኪቦርድ በመጫወት ይተዳደሩ ነበር። በ1985 ዓ.ም. እትዬ አንድ ያገለገለ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ኪቦርድ ገዙላቸው። ከበሮውን፣ ቤዙንና ዋሽንቱን ብቻውን የሚያቀናብር፣ የተሠራውን በፍሎፒ ዲስክ የሚያስቀምጥ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ዕቃ ነበር። ችግሩ ሁሉ ነገሩ ያለው በትንሽ ስክሪን ላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ እትዬ እንደ መንገዱ በቁጥር አስጠኗቸው፦ ዋሽንት ለማግኘት ሦስቴ ወደ ታች፣ አራቴ ወደ ቀኝ። በዚህ ዓይነት አባቴ አሥራ አራት ዓመት ሠርተው እኛን ሦስት ልጆቻቸውን አሳደጉ። አንዲት ቁጥር ከሳቱ ግን የት እንዳሉ ይጠፋቸዋል፤ ኪቦርዱን አጥፍተው እንደገና ከማብራት በቀር መውጫ አልነበራቸውም።

በ1997 ዓ.ም. ማዞሪያ ጣቢያው በአዲስ መሣሪያ ሲተካ እትዬ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። “እንግዲህ ጊዜ አለኝ፤ ይሄ ኪቦርድ ወንድሜ የት ገጽ ላይ እንዳለ በአፉ እንዲነግረው አደርገዋለሁ” አሉ።

ኪቦርዱ ሲበራ የሚመራበት ፕሮግራም፣ ባለሙያዎች ፈርምዌር የሚሉት፣ በሁለት ቺፖች ላይ የተጻፈ ነበር። እትዬ ቺፖቹን ነቅለው፣ የተጻፈውን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው ሁለት ዓመት አጠኑት። ገጽ በተቀየረ ቁጥር ኪቦርዱ ጢጥ የሚልበትን፣ እንደ ገጹም ድምፁ ከፍና ዝቅ የሚልበትን ትእዛዝ ጻፉ። ቺፖቹ ግን ጢም ብለው ሞልተው ነበር፤ ቦታ ለማግኘት ትርፍ የመሰላቸውን አንድ የቁጥር ዝርዝር አወጡ። አዲሱንም ፕሮግራም በኮምፒውተሩ ውስጥ በአሮጌው ስም፣ በአሮጌው ላይ አስቀመጡት፤ የአሮጌው ቅጂ በዚያው ጠፋ። ሌላ ቺፕ ስላልተገኘ በቀድሞዎቹ ላይ የነበረውን በጨረር አጥፍተው አዲሱን ጻፉባቸው። እትዬ ባል አልተከተልኩም ብለው ሲጸጸቱ አላየሁም፤ በዚያች ቀን ግን እስከ መጨረሻው ተጸጽተዋል።

መጀመሪያ ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ “እትዬ፣ ጣቴ ላይ ትንሽ ተለወጠብኝ” አሉ። እትዬም “ይለመዳል” አሉ።

በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. በአንድ የቀን ሠርግ ላይ የሙሽራዋ አባት ንግግር ሲያደርጉ አባቴ ለቀጣዩ ዘፈን ድምፅ መፈለግ ጀመሩ። ቤት ውስጥ በለሆሳስ ይሰማ የነበረው ጢጥታ በአዳራሹ ትልልቅ ስፒከሮች ወጣ። ከእንግዶቹ አንዱ “ዞር በሉ፣ መኪናው ወደ ኋላ እየመጣ ነው!” ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አባቴ ደንግጠው ቁልፉን ደጋግመው ሲጫኑ ጢጥታው ባሰ። ሙሽራዋ አለቀሰች። የባንዱ መሪ ዕቃው እየተጫነ “ወንድሜ፣ እኛ ሠርግ ልናደምቅ እንጂ ጋራዥ ልንከፍት አልመጣንም” አሏቸው። በሳምንቱ በአባቴ ቦታ ላፕቶፕ የያዘ ወጣት ተተካ።

አባቴ ቤት ገብተው አልተቆጡም። “እትዬ፣ እንደ ድሮው አድርጊልኝ” ብቻ አሉ።

ጢጥታውን ማጥፋት አንድ ሳምንት ፈጀ። የጠፋው ሌላ ነገር ግን አልተመለሰም። እትዬ ትርፍ መስሏቸው ያወጡት ዝርዝር የጣትን ክብደት ወደ ድምፅ የሚለውጠው ኖሯል። በስሱ ሲነኩት ያንሾካሹክ የነበረው ዋሽንት አሁን ወይ ይጮኻል ወይ ጭራሽ ዝም ይላል። እትዬ ኪቦርዱን ለሠራው ድርጅት ጻፉ፤ “ይህን ያህል ያረጀ ነገር አናስቀምጥም” የሚል መልስ መጣ። ያን ዓይነት ኪቦርድ ያላቸውን ሰዎች በኢንተርኔት እየፈለጉ ለመኑ። የሁሉም ኪቦርድ ከእኛው በኋላ የተሠራ ነበር፤ አንዳቸው የላኩላቸውም ቅጂ ሲሞከር ኪቦርዱን ከነጭራሹ አላስነሳውም።

ስለዚህ ዝርዝሩን በግምት ለመጻፍ ተነሡ። ከአምስት ዓመት በላይ ቁጥር ይቀይራሉ፣ ቺፕ ይጽፋሉ፣ አባቴን ይጠራሉ። አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ጥቂት ይጫወቱና “ይሄ አይደለም” ይላሉ። እትዬም “እሺ” ብለው ቺፑን ይነቅላሉ። የቤቱን ቀለብ እናቴ በልብስ ስፌት ያዙት። አባቴን የሚጠራቸው ባንድ ጠፋ፤ እየቆየ ጣታቸው የሚፈልገውን ያስታውስ አያስታውስ እርሳቸውም እርግጠኛ አልነበሩም።

በኅዳር 2005 ዓ.ም. አንድ ጠዋት አባቴ ጥቂት ተጫውተው ድንገት “ይሄ ነው! እትዬ፣ ይሄው ነው!” አሉ። እኛ አጨበጨብን፤ እናቴ እልል አሉ። እትዬ ግን ወንድማቸውን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ “እሰይ” አሉ። ኪቦርዱን በአንሶላ ሸፈኑት። መሣሪያዎቻቸውንም ከዚያ ወዲያ አልከፈቱም። ሁላችንም ያረፉ መሰለን።

እትዬ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በኩላሊት ሕመም ተይዘው በሆስፒታልና በቤት ሲታከሙ ቆይተዋል። ሊያርፉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው አጠገባቸው እኔ ብቻ ሳለሁ እንዲህ አሉኝ፦ “ያን ቀን ያስገባሁት የትናንትናውን ቺፕ ነበር። ትናንት ‘አይደለም’ ያለውን። ልፈትነው ብዬ አይደለም፤ ሌላ ለመጻፍ ደክሞኝ ነው። እንዳርፍ ብሎ ዋሸኝ። እኔም እንዲያርፍ ብዬ ዝም አልኩ። እኔ ስሄድ ንገሪው።”

እትዬ ግንቦት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ከቀኑ በስምንት ሰዓት፣ በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

አደራቸውን ትናንት ማታ ለአባቴ አደረስኩ። አባቴም “አሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሻይ ጠጣን” አሉ። “ካመነችኝ ይበቃል ብዬ ነበር እኮ። ለካ እሷም ስታለቅስልኝ ነበር፣ እኔም ሳለቅስላት፤ በአንድ ክፍል ውስጥ።” ይህን ከጽሑፉ ላውጣው ወይ ብዬ ስጠይቃቸው “ተዪው፣ ይነበብ። እኔ የነገርኳት የመጨረሻው ትልቅ ነገር ውሸት ነው፤ ቢያንስ እውነቱ መቃብሯ ላይ ይነገር” አሉኝ።

እትዬ አንድ ወንድም፣ የወንድም ሚስትና በእጃቸው ያደግን ሦስት የወንድም ልጆች ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላስታመሟቸው፣ ዛሬም አብረውን ለቆሙት ሁሉ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ አባቴንም የሚያጽናናቸው ካለ እርሱ ያጽናናቸው፤ እኛ አልቻልንም።