የማቴዎስ ሁለተኛ ዓይን

ጥቅምት 10፣ አሰላ

ዛሬ የደብሩ አስተዳዳሪ ሥዕሉን አይተው ፊታቸውን አጨፈገጉ። ጌታ ቀራጩን ማቴዎስን «ተከተለኝ» ሲለው የሚያሳየው ሥዕል ነው። ማቴዎስ ገና ከገንዘቡ አጠገብ አልተነሣም፤ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደንባችን ለኃጢአተኛ እንደሚያዘው በጎን፣ በአንድ ዓይን ሥዬዋለሁ።

«ሐዋርያን እንደ ይሁዳ ትሥላለህ?» አሉኝ።

«አባ፣ ገና አልተነሣም እኮ።»

«ሁለተኛውን ዓይን ጨምርለት። ከነገ ወዲያ በዓሉ ነው።»

እኔን ማን ይሰማኛል። ቀለም በጥብጬ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞርኩት። ከወንበሩ ሳይነሣ ሐዋርያ ሆነ፤ ይመቸው።

አባቴ ጎበሳ ከተማ፣ እህቴ ቤት ታሞ ከተኛ ሁለት ሳምንቱ ነው። ሰኞ እህቴ ደውላ «ስምህን እየጠራ ነው፣ ና» ስትለኝ «ማቴዎስን ልጨርስና እመጣለሁ» አልኳት። ትናንትም ያንኑ ደገምኩላት። ዛሬ የዓይኑ ቀለም ሳይደርቅ ራሴ ደወልኩ፤ ነገ በጠዋት እንደምነሣ ልነግራት ነበር።

«ሥራህን ጨርስ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አባባ መጥራቱን ትቷል።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ሳልጠይቃት ስልኩን ዘጋሁት።