ከላይ የቀረው መሳቢያ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እኅቴ ሰብሌ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ከአንቺ ዘንድ ለፈቃድ የመጣችው ረሒማ፣ ቤይሩት ያሉት የአገር ልጆች ተሰብስበው መርዶውን እንደነገሩሽና ሦስት ቀን እህል አልቀምስም ብለሽ እንደነበር ነገረችን። አሠሪዎችሽ ለቅሶ እንኳ በወጉ እንድትቀመጪ አለመፍቀዳቸውንም ሰማን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። የእማማን አርባም አውጥተናል፤ ከዘመድ አዝማድ የቀረ የለም።

ይህን ደብዳቤ በረሒማ እጅ የምልክልሽ በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ስላቃተኝ ነው። ድምፅሽን ስሰማ ወሬውን ወደ ሌላ እመልሰዋለሁ። እማማ ደጃፍ ላይ አዳልጧት ወደቀች ብዬሽ ነበር። እንደዚያ አይደለም።

አምና የሠራሁላትን ቁም ሳጥን በፎቶ አይተሽዋል። ትከሻዋን እያመማት እጇን ወደ ላይ ማንሣት ስላቃታት፣ መሳቢያዎቹ ቦታ እንዲለዋወጡ አድርጌ ነው የሠራሁት። በግራና በቀኝ ጣውላው ላይ ከላይ እስከ ታች በየአራት ጣቱ ቀዳዳ በሳሁ፤ መሳቢያው የሚንሸራተትበትን ድጋፍ እንጨት የእንጨት ችንካር ይይዘዋል፤ ችንካሩን ነቅሎ ዝቅ ወይም ከፍ ማድረግ ነው። ስታየው ደስ ብሏት፣ «እኔ ባጥር እሱም አብሮኝ ያጥራል ማለት ነው» ብላ ሳቀች። የሷን ልብስ ከወገቧ ትይዩ አደረግሁላት። ያንቺን መሳቢያ ግን የሚከፍተው ያለ ስላልመሰለኝ ከሁሉም በላይ አስቀመጥሁት፤ ትተሽው የሄድሽው ጥልፍ ቀሚስና የትምህርት ቤት ደብተሮችሽ ያሉበትን።

ፍልሰታ ሳይገባ ነው፤ «የሰብሌን መሳቢያ አውርድልኝ፤ ቀሚሷን ብል ሳይበላው ፀሐይ ላሳየው» አለችኝ። እሺ አልኋት። ያን ሰሞን ለአንድ ሆቴል ስምንት አልጋ እሠራ ነበር፤ ጠዋት ወጥቼ ደክሞኝ እገባለሁ። በሳምንቱ ደግማ ጠየቀችኝ፤ «ነገ» አልኋት። ነገውም ሌላ ነገ ሆነ። የሩብ ሰዓት ሥራ ነበር፣ ሰብሌ። ችንካር ነቅሎ መልሶ መምታት ብቻ። ለሦስተኛ ጊዜ አልጠየቀችኝም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ባለቤቴ ባንቺዓለም ገበያ ወርዳ ሳለች፣ እማማ በርጩማ ላይ ወጥታ መሳቢያውን ልትስብ ሞከረች። ባንቺዓለም ስትመለስ እማማን፣ ቀሚስሽን በአንድ እጇ እንደያዘች፣ ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘቻት። የዳሌዋ አጥንት ተሰብሮ ነበር። ወልድያ ድረስ ወሰድናት፤ ሐኪሞቹ በዚህ ዕድሜዋ ቀዶ ጥገናው እንደሚያሰጋ ነገሩን፤ እሷም «ወደ ቤቴ መልሱኝ» አለች። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ አልተነሣችም፤ መተኛት ሲበዛባትም ሳል ያዛት።

በተኛችበት ጠርታኝ፣ «ለሰብሌ ደጃፍ ላይ አዳለጣት በላት። በቀሚሷ ሰበብ መሆኑን ከሰማች ራሷን ትወቅሳለች፤ አንተንም ትቀየምሃለች። ሁለት ናችሁ፤ ሌላ የላችሁም» አለችኝ። ቃል ገባሁላት። መስከረም ሃያ ሁለት ቀን ጠዋት፣ ሳሉ በርትቶባት እጄን እንደያዘች አረፈች።

አሁን ቃሌን ማፍረሴ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ «እናቱን እንዲህ ያስታመመ ልጅ የለም» እያለ ሲያመሰግነኝ መቆሚያ አጣሁ። ለንስሐ አባታችን ለመምሬ ወልደ ሩፋኤል ሄጄ ተናዘዝሁ። ቀኖናዬን ከሰጡኝ በኋላ፣ «እግዚአብሔርስ ሰማህ፤ እኅትህ ግን አልሰማችህም» አሉኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያንቺም የቀሚስሽም አይደለም። ይህን እወቂልኝ። መሳቢያውን በቀብሩ ማግሥት አወረድሁት። ለማን ብዬ እንዳወረድሁት አላውቅም።

ባንቺዓለም ሁለቱን ጉንጭሽን ትስምሻለች። ልጃችን ሸጌ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች፤ አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው ትላለች። መምሬም እግዚአብሔር ያጽናሽ ብለውሻል። አብረውሽ ለሚኖሩት፣ ላስተዛዘኑሽም ሁሉ ምስጋናዬን አድርሺልኝ።

ደብዳቤውን ስትጨርሺ ብትቆጪኝ ተቆጪኝ፤ የምትይኝን ሁሉ እሰማለሁ። ዝም ብቻ አትበይኝ፣ እኅቴ። ዝምታሽን አልችለውም።

ወንድምሽ ምሥጋናው
ላሊበላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.